በወገቤ ስብሰባ ላይ እጄን እንዳወጣሁ ስለመቅረቴ

ለተከበሩ የአከርካሪ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በተለይም ወገብዎ እንዴት እንደሆነ ከልብ እጠይቃለሁ። እኔ ይህን የምጽፍልዎ ወረቀቱን በቡፌው ላይ ዘርግቼ፣ ቆሜ ነው። መቀመጥ ካስጠላኝ ሰንብቷል። ደብዳቤውን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳያዩብኝ፤ የቢሮዎ በር ላይ “ሳይጠሩ አይግቡ” ተብሎ ስለተጻፈ፣ እኔም ትእዛዝ አክባሪ ስለሆንኩ ነው።

ዕድሜ ልኬን ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ከወገቤ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ የእግሬን ነርቭ ስለተጫነው፣ ኦፕራሲዮን ልሁን ወይስ ልታገሥ የሚለውን እኔው ራሴ እንድወስን ክፍልዎ በትሕትና ትቶልኛል። ስለ አመኔታዎ እያመሰገንኩ፣ ለመወሰን ያስቸገሩኝን ጥቃቅን ነገሮች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሮቹ። በመጠበቂያ ክፍሉም ሆነ በስብሰባ አዳራሹ ለወገብ ሕሙማን የተመረጡት አግዳሚ ወንበሮች ከጉልበት በታች መሆናቸው ትልቅ ጥበብ ነው። የተቀመጠ ሁሉ ለመነሣት ደጋፊ ስለሚሻ፣ ሕሙማኑ ስንጓተት ተዋውቀናል። በጡረታ ዘመኔ ይህን ያህል ወዳጅ ከየት አገኝ ነበር?

ሁለተኛ፣ ስለ ምክሩ። ቀዶ ሐኪምዎ ከዘገየሁ እግሬ ሊዝል እንደሚችል አስጠነቀቁኝ። በሚቀጥለው ክፍል ያሉት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደግሞ ብዙ ሰው በእንቅስቃሴና በጊዜ ብዛት እንደሚሻለው፣ ምንም የሚያስቸኩል ነገር እንደሌለ አረጋጉኝ። የትኛውን ልመን ብዬ ስጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ላኩኝ። በሁለቱ በሮች መካከል መመላለሱ ራሱ ጥሩ ስፖርት ስለነበር ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ይሆንብኛል። ደግነቱ፣ “ውሳኔው የእርስዎ ነው” በሚለው ላይ ፍጹም ተስማምተዋል።

ሦስተኛ፣ ዋናው፣ ስለ ስብሰባው። ጉዳዬ እንዲለይለት ሐኪሞችዎ ወደሚወያዩበት አዳራሽ ተጠርቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ብርሃን በሚያሳልፍ ፊልም የተነሣው የወገቤ ፎቶ በብርሃን ሰሌዳው ላይ ተሰቅሏል። ሁሉም ተነሥተው ወደ እሱ ሄዱ፤ ወደ እኔ የመጣ አልነበረም። ስለ ግራ እግሬ ነርቭ እጅግ በሚያምር አነጋገር ተከራከሩ። ካርታ እንዲህ በጥንቃቄ ሲመረመር ማየቴ በሙያዬ አኩርቶኛል፤ አገሩ ራሱ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ነበር፣ ጫማውን አውልቅ ያለውም አልተገኘም። እኔም ፎቶውን አተኩሬ ሳየው አንድ ነገር ታየኝና እጄን አወጣሁ። ተማሪዎቼን “እጅ ሳታወጡ፣ ሳትጠሩ አትናገሩ” ስል ስለኖርኩ፣ ሳይፈቀድልኝ አፌን መክፈት አልሆነልኝም። አንድ ወጣት ሐኪም አዩኝና፣ ሰላምታ መስሏቸው፣ በፈገግታ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ስብሰባው በግራ በኩል ኦፕራሲዮን እንድሆን መክሮ ተበተነ። ከወንበሩ እስክነሣ ድረስ (ተራ ቁጥር አንድን ይመልከቱ) አዳራሹ ባዶ ሆኗል።

ቤቴ አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። ጠዋት ጠዋት ካልሲዬን የምታለብሰኝም እሷ ናት። ልጅ ሳለች ጫማዋን ሳስርላት እቆነጥጣት ስለነበር አሁን ብድሯን እየመለሰች ነው። የሆነውን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቀጥላ ግን ካልሲውን በእጇ እንደያዘች፣ “እትዬ፣ ማደንዘዣ ወስደሽ ስትተኚስ እጅሽን ማን ያወጣልሻል?” አለችኝ። ጥያቄውን እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ቢላ እፈራለሁ። ካልሲዬን በራሴ እጅ ሳልለብስ መቅረትን ግን የበለጠ ስለምፈራ ኦፕራሲዮኑን እምቢ አላልኩም። ሁለቱ ባለሙያዎችዎ በአንድ ክፍል፣ እኔ ባለሁበት፣ እግሬን በእጃቸው ዳስሰው፣ ብታገሥ ምን እንደሚገጥመኝ፣ ኦፕራሲዮን ብሆን ምን እንደሚሻለኝ ይንገሩኝ፤ የዚያኑ ዕለት እወስናለሁ። እስከዚያ የፊዚዮቴራፒውን እንቅስቃሴ እየሠራሁ፣ እግሬ እንዳይዝል እየተከታተልኩ እጠብቃለሁ።

ወገብዎ ሳይጎብጥ፣ ወንበርዎም ሳይጎረብጥዎ ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እንዳልነሣዎ ዲስኬ ስለከለከለኝ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ እንደ ዱላ ቀጥ ብዬ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ጡረተኛዋ የጂኦግራፊ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እጄን ያወጣሁት፣ በፎቶው ጥግ ያለው ስሜ በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ ተገልብጦ ስላየሁት ነው። ፎቶው የተሰቀለው በጀርባው ነበር። የሚያመኝ ቀኝ እግሬ ነው። ከፈቀዱልኝ፣ አሁን እጄን ላውርድ።