ስማቸውን በከረጢት ላይ ያሳተሙት ወይዘሮ የብርጓል

የወይዘሮ የብርጓል ጥዑመ ልሳን የመጀመሪያ ምርት የተበላሸው በከረጢቱ ነው። ይህ በቀብር ላይ አይነሣም የሚል ካለ ይታገሠን፤ እርሳቸው ራሳቸው ሲያነሡትና ሲስቁበት ኖረዋል።

ከአባታቸው ከመሪጌታ ጥዑመ ልሳን አዘዘና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት ፍሬ ስብሐት በ1952 ዓ.ም. ደቅ ደሴት ላይ ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጠሩ፤ ለዘመናዊ ትምህርት ሐይቁን ተሻግረው ባሕር ዳር አክስታቸው ቤት ገቡ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ በአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. አቶ ጌትነት ወልደ ዮሐንስን አግብተው ቃልኪዳንንና አማኑኤልን ወለዱ።

በ1996 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው የጉና ገብስ እያስቆሉና እያስፈጩ በሶ መሸጥ ጀመሩ። «ማን ቤቱ በሶ አጥቶ ነው ከሱቅ የሚገዛ?» ያሏቸው ዘመድ ዛሬ ከመካከላችን አሉ። ወይዘሮ የብርጓል ግን ገዢያቸውን ለይተው ነበር፦ ጓዳ የሌለው ተማሪና ጎሕ ሲቀድ የሚሳፈር መንገደኛ። ስለዚህ የኪሎውን ትተው፣ አንዴ ተበጥብጦ የሚያልቅ ትንሽ ከረጢት አወጡ። በላዩም የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል አሳተሙ።

ተሸጠ፤ እጅግ ተሸጠ። ግን በሶው ሲያልቅ ሥዕሉን ማን ደፍሮ ይጣል? ማንስ ያቃጥል? ሴቶች ባዶውን ከረጢት አጣጥፈው «እትዬ የብርጓል፣ እንግዲህ እርስዎ ይወቁበት» እያሉ ደጃፋቸው ያስቀምጡ ጀመር። የመሪጌታ ልጅ ሆነው ይህን አለማሰባቸው ራሳቸውንም ገረማቸው። ያልተሸጠውን ከየሱቁ ሰበሰቡ። ባለሱቆቹ «የሚሸጠው እኮ ሥዕሉ ነው» ቢሏቸው፣ «እንግዲያው በሶው ይሞከራ!» አሉ። በገዛ ስማቸው «የብርጓል» ብለው አሳተሙ። ገበያው ቀዘቀዘ፤ እርሳቸው ወደ ኋላ አላሉም። በሶው ቀስ በቀስ በስሙ እየተጠራ ተፈለገ።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና የልጅ ልጃቸው ዜማ በሕይወት አሉ። የአባቶቻቸው አምላክ ነፍሳቸውን በማይጨልም ብርሃን ያኑርልን።

ለቅሶ ልትደርሱ መጥታችሁ ስሙን እንግዛ ለምትሉ ደግሞ መልሱን ራሳቸው ሰጥተዋል። ባለፈው ክረምት፣ ሕመሙ ጠንቶባቸው ሳለ፣ አንድ አከፋፋይ ቢሮው ጠርቶ ገብሱን በበቆሎ ቀላቅለን በስምዎ እንሽጥ አላቸው።

«ከረጢቱ ያው ከረጢት ነው፣ እማማ። ማን ያውቃል?»

ወይዘሮ የብርጓል ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«ሥዕሉን ያወረድሁት እንዳይረገጥ ነው። ስሜን ደግሞ አንተ ልታስረግጠው?»

ወጡ። በሩንም ራሳቸው ዘጉት።