ድንኳኑን ያለ ሰው ስለላካችሁልን

ይድረስ ለተከበሩ አቶ አድማሴ፣ የላይ ሾላ መረዳጃ እድር ሰብሳቢ፤
ፍኖተ ሰላም።

የእርስዎ፣ የቤተሰብዎና የወንበርዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ፣ የፊዚክስ መምህርቷ እስከዳር ገነነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አባቴን ከቀበርሁ ወዲህ ምንም ስለማይሰማኝ፣ ደኅና ማለት ይኸው ይመስለኛል። በአደባባይ የምጽፈውም ላመሰግንዎ እንጂ ልወቅስዎ አይደለም።

አንደኛ፤ የእድራችን አባል አለቃ ወልደ ዮሐንስ በጥቅምት በተቀበሩበት ማለዳ አለመገኘቴን ስላስተዋሉልኝ አመሰግናለሁ። የኢንተርኔቱ መስመር ስለሚሻል ቡሬ ነበርሁ። ባሕር ማዶ ባለ ላቦራቶሪ፣ ኤሌክትሪክን በከፊል ከሚያሳልፍ ሴሚኮንዳክተር የተሠራች፣ ያለ አንዳች እንቅፋት የሚያሳልፍ ሱፐርኮንዳክተር የለበሰች፣ ከፀጉር እጅግ የቀጠነች ሽቦ አለች። ክፉኛ ስትቀዘቅዝ በውስጧ ያለው የኳንተም ሁኔታ ይህ ነው ወይም ያ ነው ሳይባል፣ ሁለቱንም ሆኖ ለቅጽበት ይቆያል፤ ሙቀት ከነካው ወይም ሰው ከለካው ግን ያበቃለታል። ያንን ከሩቅ ሆኜ የምቆጣጠርበት ተራ የደረሰኝ በዚያው ማለዳ ነው። ስለዚህ አባቴ ሕመማቸውን ይዘው፣ በራሳቸውም በእኔም ስም ከመቃብሩ አጠገብ ቆመው ዋሉ።

ሁለተኛ፤ አንድ ሰው ለሁለት አይቆምም ብላችሁ ጉዳዬን ‹‹በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል›› ስላላችሁ አመሰግናለሁ። ከጥቅምት እስከ ጥር ስብሰባ አልተጠራም፤ እኔም አባል ነሽ አልተባልሁ፣ ተሰርዘሻል አልተባልሁ። ክቡር ሆይ፣ ሊቃውንቱ አንዲት ኢምንት ነገር ሳትወሰን እንድትቆይላቸው ከየትኛውም ውርጭ የከፋ ቅዝቃዜ የሚፈጥር መሣሪያ ያቆማሉ፤ ያም ሆኖ ከዓይን ጥቅሻ አያልፍላቸውም። እርስዎ ግን በፍኖተ ሰላም ፀሐይ፣ በአንዲት አጀንዳ ብቻ፣ አንዲት ሙሉ ሴት ሦስት ወር አቆዩ። ሙያዎን ለሰው ባይደብቁ መልካም ነው።

ሦስተኛው ይከብደኛል። አባቴ በጥር ሲያርፉ፣ መሥራች አባል ናቸውና ድንኳኑ ተተከለ፤ እኔ ግን ያላለቀ ጉዳይ አለብኝና፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ማንም ከቤታችን ለቅሶ እንዳይደርስ በለፋፊ አስነገራችሁ። ከቋሪት የመጡ ጥቂት ዘመዶችና ካህናቱ ቀበሩልን። እነርሱም ሲመለሱ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በባዶ አግዳሚዎች መካከል ተቀመጠች። ‹‹ምነው ልጄ፣ ሰዉ አልሰማም እንዴ?›› አለችኝ። አልሰማም አልኋት። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እንባው አልመጣም። ማንም ያልተቀመጠባቸውን አግዳሚዎች ስወለውል ዋልሁ።

አሁን የአባቴ አርባ ደርሷል። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሰርዙኝ። እኔ ከተሰረዝሁ ጉዳይ የለም፤ ጉዳይ ከሌለ ሰዉ ወደ እናቴ ይገባል። ፊቴ የሚያስቸግር ከሆነም በዕለቱ ቡሬ እውላለሁ። እናቴ ብቻ ሰው ታግኝ።

አባል ነኝ እንዳትል ያልተወሰነላት፣ አይደለሁም እንዳትል ቅጣት የሚጠብቃት፣ ከደጅዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣ፣
እስከዳር ገነነ

ሳልጽፈው ያለፍሁት፦ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው። ቀንዎ የደረሰ ዕለት ግን፣ እድሩ ስለ እኔ ወሰነም አልወሰነም፣ ሽቦዋን ትቼ እመጣለሁ፤ ከእናቴ ጋር ከሁሉ ቀድመን ድንኳንዎ ውስጥ እንቀመጣለን። ባዶ ድንኳን ምን እንደሆነ እናውቀዋለንና ለልጆችዎ አንመኝላቸውም።