ቤንታ ጤነኛ ናት ስለሚለው ሪፖርትዎ

ለተከበሩ ዶክተር ኦታቪዮ ክራንዝ
የሐይቁ የዱር እንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጽሕፈት ቤትዎ ዶልፊኖችን በሚመረምርበት መንገድ ካልተመረመሩ በቀር ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ ዙልማ ቴይሼራ፣ ሐይቁ ከባሕር በሚገናኝበት በባራ ዶ ሲሪ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ መረብ ስወረውር ሠላሳ ስምንት ዓመት የሆነኝ ሴት፣ «ዶልፊኖቹ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ» የሚለውን ሪፖርትዎን በዓሣ ገበያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስላነበብሁ ምስጋናዬን ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ዶልፊኖቹን ልታጠኑ በመጣችሁበት ዕለት፣ ጥናቱ እንዳይታወክ ብላችሁ እኛን አጥማጆቹን ከውሃ ስላስወጣችሁን እናመሰግናለን። እዚህ ማንም ሕፃን እንደሚነግርዎ፣ ዶልፊኖቹ ዓሣውን ወደ ዳር ይነዱልናል፤ ከመካከላቸው ቤንታ ያልናት ጭንቅላቷን በውሃው ላይ ስትመታ መረባችንን እንጥላለን፤ ደንግጦ የተበተነውን ደግሞ እሷ ትለቅማለች። በዚያ ዕለት ቤንታ አራት ጊዜ መታች። እኛ አሸዋው ላይ እጃችንን አጣጥፈን ቆመናል። መረብ የጣለላት ስላልነበረ ሳትበላ ሄደች። የሪፖርትዎ ገጽ ዘጠኝ «አራት ጊዜ በደስታ ስትጫወት ታይታለች» ይላል። ጎረቤቴ ኔሪ ይህን ሲሰማ «በይ እንግዲህ፣ እኔም የሰው በር ስደበድብ እየጨፈርኩ ነዋ!» አለ። ነውር ነው ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ሁለተኛ፣ የጀርባዋን ቁስል «የቆዳ ቀለም ልዩነት» ብላችሁ ስላሳመራችሁልን እናመሰግናለን። በሩዝ ማሳዎቹ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ከዝናቡ ጋር ወደ ሐይቁ መውረድ ከጀመረ ወዲህ፣ ሳንቲም ታክል የነበረችው ቁስል መዳፌን በልጣለች። ሰበቡ መድኃኒቱ ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም፤ እሱን እንዲነግሩን ነበር የለመንንዎ።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ከበደኝ። አምና ግልገሏ ሲሞት በዓሣ ሣጥን አድርገን፣ በበረዶ ሸፍነን፣ ደጅዎ ድረስ አመጣንልዎ። ጸሐፊዎ ስም ሳይሆን መለያ ቁጥር እንደሚያስፈልግ በትሕትና ነገሩን፤ ቁጥር ሰጪው ከፈቃድ እስኪመለሱ ሦስት ቀን በረዶ ስንቀይር ሰነበትን። በአራተኛው ቀን «ናሙናው ለምርመራ አይሆንም» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠን። ማኅተሙ ያምራል። እኔ ግን እስከ ቤቴ እያለቀስኩ ነው የሄድኩት።

ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ እኔም ላበላችኝ እጮኻለሁ። ቤንታ ዘንድሮ ሌላ ግልገል አስከትላለች፤ ከአንገቱ ሥር የእናቱን ቁስል አጀማመር የሚመስሉ ሁለት ነጫጭ ነጠብጣቦች አይተናል። እባክዎ ደማቸውንና ውሃውን ያስመርምሩልን። እኛን ስለምታምን ቀስ ብለን እንይዝልዎታለን።

ለቀጣዩ ሪፖርትዎ ከዚህም የሚያምር ማኅተም እየተመኘሁ፣ ከውሃው መካከል ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ዙልማ ቴይሼራ

ሳልጽፈው የረሳሁት፦ ቤንታ ምልክት ስትሰጠን ለአፍታ ከዘገየን ዓሣው ያመልጣል፤ ስለዚህ ዘግይተንባት አናውቅም። ግልገሏን ደጅዎ ካስቀመጥን አሥራ አራት ወር ሆነ።