በሐኪሙ ወረቀት ላይ የነበረችው ቃል

ለውድ እህቴ ለእትዬ፣

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃውን እያረፍሽ ነው የምትወጪው? የአባባ ጆሮ እንዴት ነው? የልጆቹስ ሳል ለቀቃቸው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ አጣርቼ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ደንበኛዬ ጨርቅ ስለካላት ቀኝ እጄ በድንገት ከዳኝ፤ መቀሱ ወደቀ። ደንዝዞ መስሎኝ፣ ገበያው እንዳያመልጠኝ በግራዬ መለካቱን ቀጠልኩ። እሷም መጀመሪያ «ምነው፣ ዛሬ ልታጎድልብኝ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ወዲያው አፌ ሲጣመም አየችና እየጎተተች ታክሲ ውስጥ ከተተችኝ። ሐኪም ቤት ስንደርስ እጄ ተመልሶ ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ «ትራንዚየንት» ብሎ ጻፈ። እኔ በእንግሊዝኛ መሸጥና መግዛት እንጂ መታመም አላውቅበትም። ዕቃ ከየት እንደመጣ ሳልጠይቅ እንደማልረከብ ታውቂያለሽ፤ ቃሏንም ይዤ ፎቅ ላይ ወደሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ወጣሁ። «ከላቲን የመጣች ናት፤ ተሻግሮ መሄድ ማለት ነው፤ አላፊ» አሉኝ። ከልቤ ተነፈስኩ። ደግሞ ሌላ አማራጭ እንዳለ ጠየቅኳቸው። «ቴምፖራሪ» ጊዜ ከሚል የላቲን ቃል ነው አሉ። «ፍሊቲንግ» በድሮው እንግሊዝኛ መንሳፈፍ ነበር። «ኢፌመራል» የምትለዋ ግሪክ ናት፤ የአንድ ቀን ማለት ናት፤ የጥንት ሐኪሞች በቀኑ ለሚለቅ ትኩሳት ይሏት ነበር። «ታዲያ ለእኔ እሷን ቢጽፍልኝ ምን ነበረበት?» ብላቸው «አንተ ሰው፣ በበሽታም ትከራከራለህ!» ብለው ሳቁብኝ።

ትናንት ይህንኑ ለሐኪሙ ነገርኩት። «መሻገሩንስ ተሻግሯል፤ መንገዱን ግን አውቆታል» አለኝ። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ ኪኒን እውጣለሁ። ሲጋራውን ትቻለሁ፤ ልብስ ሰፊዋ በመጣች ቁጥር ኪሴን ትፈትሻለች። ፈርቼ ነበር እትዬ፤ አሁን ቀሎኛል።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፤ የእጄን ነገር ግን አታንሺበት። ባለቤትሽን በጣም ናፍቆሃል በይልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፤ ትንሿን ሁለቴ።

ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና ጽሑፌን ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት በቀኝ እጄ ነው፤ በስልክ ያልነገርኩሽም ለዚሁ ነው። የተንጋደደ ፊደል ካየሽ ሳትደብቂ ንገሪኝ፤ ካላየሽ ግን አንቺም እፎይ በይ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሱቄ ባንኮኒ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኅዳር ፲፬ ቀን