የእሑዱ ስልክና የልጄ ጆሮ

ይድረስ ለማከብርዎት ታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ያ ወገብዎን የሚይዝዎት ነገር ተሻለዎት ወይ? ባለቤትዎ እትዬስ እንዴት ናቸው? እናታችንስ፣ ጉልበታቸው ብርዱን ቻለላቸው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና እጄን ሳሙናው ከማድረቁ በቀር ደህና ነኝ። የልጄን የድንቡሼን ጤና ግን አልጠይቅዎትም። እሱን ከሌላ ሰው ሰምቼ ደሜ ፈልቶ ነው ይህን የምጽፍልዎት።

በስልክ ያልነገርኩዎት ሆን ብዬ ነው። በስልክ ቢሆን እጮሃለሁ፣ እርስዎም "ታላቅሽ እኮ ነኝ" ይሉኛል፣ እኔም አፍሬ ዝም እላለሁ። ወረቀት ላይ ግን አያቋርጡኝም።

ባለፈው ሐሙስ እትዬ ከጎረቤት ስልክ ደወሉልኝ። በዚህ እንዳይቆጧቸው፤ ከተቆጧቸው ከእኔ ጋር ነው የምንጣላው። የድንቡሼን የትራስ ልብስ ሊያጥቡ ቢያነሱት ቢጫ እድፍ አዩበት። ልጅቱን ጠርተው ቢያዩአት የግራ ጆሮዋ መግል ይዞ፣ ፈስሶ ደርቆባታል። ሐኪም ቤት ሲወስዷት የጆሮዋ ታምቡር ተበስቷል አሏቸው። ሊደፈን ይችላል፣ ላይደፈንም ይችላል፤ እስከዚያው በግራ ጆሮዋ የምትሰማው ትንሽ ነው። እርስዎ ደግሞ "ፈተናዋ እስኪያልፍ ለእናቷ እንዳትነግሯት" ብለዋል አሉ። እኔ እዚህ በሰው አገር ቀኑን ሙሉ የሆቴል እንግዶችን የትራስ ልብስ ሳጥብ እውላለሁ፣ የገዛ ልጄ ትራስ ምን እንደነካው የነገረኝ የጎረቤት ስልክ ነው።

እትዬ "ይህን ያህል ሲያምሽ ለምን አልተናገርሽም?" ቢሏት ምን እንዳለች ያውቃሉ? "በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም" አለች። እባክዎ ይህችን ቃሏን ደግመው ያንብቡልኝ።

ወደ እኔ ለመምጣት የቋንቋ ፈተና ማለፍ እንዳለባት አልጠፋኝም። "መካከለኛው ደረጃ ላይ ደርሳለች፣ የቀራት ቃላት ማከማቸት ብቻ ነው" ሲሉኝ ደስ ብሎኝ መርቄዎታለሁ። ከጧት እስከ እራት በቤትዎ አማርኛ እንደከለከሏት ግን ከእትዬ በቀር ማን ነገረኝ? የእሑዱንም ስልክ በድምፅ ማጉያ ከፍተው፣ አጠገቧ ተቀምጠው፣ አንዲት የአማርኛ ቃል ባመለጣት ቁጥር እንደሚዘጉባት ማን ነገረኝ? አንድ እሑድ "እማዬ፣ ጆሮዬን" ብላ ስትጀምር ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው ብዬ ሲም ካርዱን የሸጠልኝን ሰውዬ ሱቁ ድረስ ሄጄ አፈር አስበላሁት። ምስኪን፣ ምንም አላደረገም። በቀጣዩ እሑድ ልጄ "አይ አም ፋይን" አለችኝ፤ ቀጥላም "ኢንፍራስትራክቸር" እና "ፊሎሶፊ" ያለባቸውን ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ ደረደረችልኝ። እኔም ጎበዝ አልኳት። መግል በጆሮዋ እየፈሰሰ ጎበዝ አልኳት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ግን አልደበቀችም፤ እርስዎ ነዎት ያስደበቋት። እንግሊዝኛ እጨምርላታለሁ ብለው ያለውን አፏን ዘጉባት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ደግሞ "እኔ በመዝገበ ቃላት ነው የተማርኩት" እንዳይሉኝ። ሹፌር ሆነው ያን ወፍራም መጽሐፍ ከመኪናው መስታወት ሥር አስቀምጠው ሲዞሩ አውቃለሁ፤ ፀሐይ አጠውልጎት ነበር እንጂ ገጹ አልተገለጠም። እንግሊዝኛውን ያገኙት ጎማ ፈንድቶ መንገድ ዳር ቆመው ከውጭ አገር ተሳፋሪዎች ጋር ሲጨቃጨቁ ነው። ክሪኩን፣ ብሎኑን፣ "ትንሽ ይታገሡኝ"ን ያኔ ያዙ፣ እስከ ዛሬም አልለቀቁዎትም። እኔም እንዲሁ ነኝ። እዚህ በካውያ የምትተኩሰው ጓደኛዬ አንድ ቃል ስትነግረኝ ብቻውን አትሰጠኝም፤ ካውያው ሲግል፣ አንሶላው ሲያር፣ እንፋሎቱ እጅ ሲያቃጥል ምን እንደሚባል አብራ ትነግረኛለች፤ በማግስቱ ደግሞ እኔን ታስወራኛለች። በቀን ሃያ ቃል የሸመደደች ልጅ ግን በሳምንቱ አሥራ ዘጠኙን ትረሳለች፤ የቀረችውንም የት እንደምታውላት አታውቅም።

እንግዲህ ከዚህ እሑድ ጀምሮ የሚሆነውን ልንገርዎት። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ዘግተው በእጇ ይሰጧታል፣ እርስዎ ኮፍያዎን አድርገው ወጣ ይላሉ። ያሰኛትን በአማርኛ ትነግረኛለች፤ ማልቀስም ከፈለገች ታልቅስ። ከነገረችኝ ውስጥ ሦስት አራት ቃል መርጠን በእንግሊዝኛ እንፈልጋቸዋለን፤ በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ወሬ በእንግሊዝኛ መልሳ ታወራኛለች። መጀመሪያ የምንይዛቸውም ያመመንን ነገር ለሰው መናገሪያዎቹን ነው፤ አበጠ፣ ጠዘጠዘኝ፣ ፈሰሰ፣ እርዱኝ። ፊሎሶፊ ይቆይልን። ፈተናውን ብትወድቅ ደግማ ትፈተናለች፤ ጆሮ ግን ተደግሞ አይሰጥም።

ልጄን እንደ ልጅዎ ይዘዋታል፣ ከአፍዎ ነጥለው አጉርሰዋታል፤ ይህን ብክድ አፌ ይዘጋ። ቢሆንም ተቆጥቻለሁ፤ ውለታዎን እያሰብኩም ቁጣዬ አልበረደም፣ እንዲበርድም ገና አልፈለግሁም።

የእትዬን ጉልበት ስመው ያመስግኑልኝ፤ የዚያን ዕለት ትራሱን ባያነሱ ኖሮ ምን እንሆን ነበር። የእናታችንን ሁለቱንም ጉልበት ይሳሙልኝ፤ ነገሩን ካልሰሙ አይንገሯቸው። ጎረቤቲቱንም ለስልኳ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይበሉልኝ። እርስዎም ወገብዎን ይጠብቁ።

ለድንቡሼ ግን በእርስዎ በኩል ሰላምታ አልልክም። እሑድ ራሴ እነግራታለሁ፤ ስልኩን በቀኝ ጆሮዋ እንድትይዘው ብቻ ያስታውሷት።

እህትዎ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ ካለችው ክፍሌ፣
የካቲት 9 ቀን፣ ከሥራ መልስ