የተረፈው ስፖንጅ ከግድግዳችን የማይነሳበት ምክንያት

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ይህ ጽሑፍ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ የተከበሩት ባለቤትዎም፣ ደረጃውን ከጠዋት እስከ ማታ በኳስ የሚደበድበው ልጅዎም በሙሉ ጤና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ጉሮሮዎን ይጠብቅልን፤ ስብሰባ የሚመራ ሰው ያለ ጉሮሮ ምን ይሆናል።

በሁለት ማኅተም ያጌጠው ማሳሰቢያዎ በቤቴ በር ሥር ሾልኮ ደርሶኛል። ከጋራ ንብረት ወስጄዋለሁ የተባለውን የድምፅ ስፖንጅ እስከ ረቡዕ ነቅዬ እንድመልስ፣ እምቢ ካልኩ ግን ኮሚቴው ሰው ልኮ እንደሚያስነቅለው ይገልጻል። የማሳሰቢያውን ቅጂ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ለጥፈው ጎረቤቱ ሁሉ እንዲያነበው ስላደረጉልኝ፣ እኔም ውለታዎን ላለመርሳት መልሴን እዚያው ጎኑ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ለማያውቀን ጎረቤት አንድ ነገር ላስረዳ። እኔ ኮሚቴው ከሚሰበሰብበት አዳራሽ በላይ ባለው ቤት፣ በትንሿ ክፍል ውስጥ ማስታወቂያና የሬዲዮ ጨዋታ እየቀረጽኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። አብረውኝ የሚኖሩት አባቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመናኸሪያ ድምፅ ማጉያ ተሳፋሪ ሲጠሩ ስለኖሩ የሕንፃው ልጆች ጋሽ መናኸሪያ ይሏቸዋል። በሚመጣው ሰኞ ሐኪሞች ማንቁርታቸውን ያወጡታል። ከዚያ በኋላ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይቆጣሉ፤ በገዛ ድምፃቸው ግን አይናገሩም። ስለዚህ የዕለት ተዕለት ንግግራቸውን አሁን እየቀረጽን ስልካቸው ላይ እንጭናለን፤ በኋላ ቁልፍ ተጭነው በራሳቸው ድምፅ እንዲናገሩ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በዚያች ክፍል፣ በዚያ ስፖንጅ መሐል ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ወደ ክሶችዎ በአክብሮት እመለሳለሁ።

1ኛ. ንብረቱን በተመለከተ። አዳራሹን በስፖንጅ ሲያስለብሱ የተረፈው፣ ያ እንደ እንቁላል መያዣ ወጣ ገባ ያለው ጥቁር ቁራጭ ሁሉ ከደረጃው ሥር ተወርውሮ ከረመ። ድመት ወለደችበት። የጽዳት ሠራተኛችን ምን ላድርገው ብላ ብትጠይቅዎ ቆሻሻ አያማክሩም፣ አውጥተሽ ጣይው ብለው እንደተቆጧት እሷም ትመሰክራለች፣ ጥበቃውም ይመሰክራል። እኔ ድመቷ ልጆቿን ይዛ ቤት እስክትቀይር ታግሼ፣ አራግፌ፣ ፀሐይ አስመትቼ፣ ከጥበቃው ጋር ተሸክመን አወጣነው። ከደረጃ ሥር ሳለ ቆሻሻ የነበረው ነገር ግድግዳዬ ላይ ሲወጣ የጋራ ንብረት ሆኖ ተገኘ። አንድ ፎቅ ብቻ ወጥቶ እንዲህ ያለ ሹመት ያገኘ ስፖንጅ በዕድሜዬ አላየሁም፤ እንኳን ደስ ያለው።

2ኛ. እሳትን በተመለከተ። ስፖንጁ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል ብለው ስለ ሕይወታችን በመጨነቅዎ ልቤ ተነክቷል። ቢሆንም ይኸው ስፖንጅ፣ ከዚያው ካርቶን የወጣው፣ የአዳራሹን አራት ግድግዳ እስከ ጣሪያው ለብሷል፤ ከሥሩም የኮሚቴው የሻይ ምድጃ ገመዱ ተልጦ ተቀምጧል። በእኔ ክፍል ምድጃ የለም፤ ሲጋራ የሚያጨስ የለም፤ ቁራጮቹም የተለጠፉት ከማይክሮፎኑ ጀርባና ከተናጋሪው ግራና ቀኝ ብቻ ነው። እሳቱ የሰው ደረጃ እያየ የሚነሳ ከሆነ ይንገሩኝና እኔም እጠንቀቅ።

3ኛ. ጸጥታውን በተመለከተ። ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኮሚቴው የጥበብ ጥግ ያለው እዚህ ነውና። አምና ከክፍሌ ድምፅ ይወጣል ተብዬ ተከሰስኩ። ዘንድሮ ደግሞ፣ ማሳሰቢያዎ ቃል በቃል እንደሚለው፣ ከክፍሉ ድምፅ አለመሰማቱ በነዋሪው ዘንድ ጥርጣሬ ፈጥሯል። ብናገር ጥፋት፣ ዝም ብል ጥርጣሬ፤ እንዲያው ምን ይሻለኛል?

ክቡር ሰብሳቢ፣ በሙያዬ የማውቀውን ልንገርዎ፤ ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፣ ስፖንጁን የሸጠልዎት ባለሱቅም ቢጠየቅ ይነግርዎታል። ይህ ስፖንጅ ድምፅን ከክፍል እንዳይወጣ አያግድም። ሥራው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ እንዳያስተጋባ ማድረግ ብቻ ነው። ወለላችን ሴራሚክ፣ ግድግዳችን ባዶ ስለነበር አባቴ መጀመሪያ የተቀረጹትን ሲሰሙ ይሄ እኔ አይደለሁም፣ በርሜል ውስጥ የወደቀ ሰው ነው ብለው የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው ሰጡኝ። ሊተዉትም ነበር። ስፖንጁ ከተለጠፈ በኋላ ግን እንደምን ዋላችሁ ያሉትን ከስልኩ ላይ ስናጫውተው፣ ማድ ቤት የነበረችው የእህቴ ልጅ አቤት አባባ ብላ ሮጣ መጣች። አባቴ ያን ቀን ምሳቸውን ደግመው በሉ።

ታዲያ ለምን ድምፅ አይሰማም ካሉኝ፣ ስፖንጁ ውጦት አይደለም። የአባቴ ድምፅ ስለደከመ ነው። ድሮ ሞተር ከሚያስነሱ አውቶብሶች በላይ ይሰማ የነበረው ሰው ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረው ውሃ ይጠጣሉ፣ ያርፋሉ፣ ሌላ ይናገራሉ። ጎረቤቱ የተጠራጠረው ጸጥታ ይህ ነው። ይህን ስጽፍ የሚሰማኝን አልደብቅዎትም፤ ግማሹ ሐዘን ነው፣ ግማሹ ንዴት ነው፤ የንዴቱ ግማሽ ግን በርከት ይላል።

4ኛ. ይህን ማንሳት አልፈልግም ነበር፤ ግን ካነሱት አይቀር። አዳራሹን ስፖንጅ ያስለበሱት ምሥጢር እንዳይወጣ፣ ከእንግዲህ እንደ ልባችን እንነጋገራለን ብለው እንደሆነ ሰምተናል። ሰማን የምልዎት እንዲሁ በአሉባልታ አይደለም፤ በጆሯችን ነው። ድሮ አዳራሹ ስለሚያስተጋባ በአየር መውጫው በኩል ወደ እኛ የሚመጣው ድብልቅልቅ ያለ ጫጫታ ነበር። እርስዎ ማስተጋባቱን ስላጠፉልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አሁን እያንዳንዱ ቃል ተለቅሞ ይደርሰናል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በአዳራሻችን ግን ሲያመልጥ ይታወቃል።

የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ሽማግሌው ሆስፒታል እስኪገቡ ብንታገሥ ምናለ ሲሉ ሰምተናል፤ ልብዎ ይባረክ ብያቸዋለሁ። እርስዎ ደግሞ ለአንድ ሰው ጉሮሮ ብለን ደንብ አናፈርስም ሲሉ፣ ጠረጴዛውንም በእስክሪብቶ መታ መታ ሲያደርጉ ሰምተናል። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር የሚለውን ምክንያት ለሌላ ጊዜ ቢያስቀምጡት ይሻላል። አባቴ በዚያች ሰዓት ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጠው፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርገው ደህና እደሩ ሊሉ ነበር። ፊታቸው አልተለወጠም። ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ መናኸሪያ ቢቀጠር ያልፍለት ነበር ብቻ አሉ። ደህና እደሩን ግን እንደገና መቅረጽ ግድ ሆነብን፤ ከጀርባው የእርስዎ ደንብ ገብቶበት ነበር፣ የልጅ ልጆቻቸውን በእርስዎ ደንብ እንዲያስተኙ ደግሞ አልፈለግንም።

ገና የሚቀረጽ ብዙ አለ። ወገቤን አመመኝ የሚለው አልተቀረጸም። ሻዩ ስኳር በዝቶበታል የሚለው አልተቀረጸም። ስድቦቹ ሁሉ ተቀርጸው አልቀዋል፤ አባቴ ከሁሉ አስቀድመው እነሱ ይቀረጹ ብለው፣ ያልተሰደበ ስድብ ነው የሚያንቀኝ ብለው አስቸግረውኝ ነበር። በየቀኑ ድምፃቸው ትንሽ ትንሽ እያለ ይሄዳል። እኔ እስከ ሰኞ ያለችውን እያንዳንዷን ሰዓት እፈልጋታለሁ፤ ለእርስዎ ረቡዕ የማዋጣው ሰዓት የለኝም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ የማሳውቅዎት ስፖንጁ አይነሳም። ረቡዕ አይነሳም፤ ሐሙስም አይነሳም። ሰኞ አባቴ ሆስፒታል ከገቡ በኋላም አይነሳም፤ እኔ የምተዳደረው በዚያች ክፍል ነው። የሚልኳቸው ሰዎች ከመጡ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው፣ ስልካቸውን አጥፍተው፣ ቁጭ ብለው ቀረጻው እስኪያልቅ ይጠብቁ። መንቀል ካሰኛቸው ግን ቀድመው የሚነቅሉት እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ ከስፖንጁ በላይ በጥሩ ሙጫ የተለጠፍኩ ነኝ።

ለሕንፃው ጸጥታ፣ በኋላም ለጸጥታው ድምፅ፣ ቀን ከሌት ስለሚደክሙልን ያለኝን ወሰን የሌለው ምስጋና እየገለጽኩ፣ ከዓይንዎ የማይሰወር፣ ከግድግዳው የማይነቀል ጎረቤትዎ ነኝ።

ከአዳራሹ በላይ የሚኖረው ድምፅ ቀራጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴ ደብዳቤው በጣም ረዝሟል፣ ሰብሳቢው ሥራ ይበዛበታል ብለው የራሳቸውን መልስ ትናንት ቀርጸዋል። እርስዎ ከሰኞ በፊት ከመጡ ራሳቸው ይነግሩዎታል። እሳቸው ከሆስፒታል ከተመለሱ በኋላ ቢመጡም በሩን የሚከፍቱልዎት እሳቸው ናቸው፤ ስልካቸውን ወደ እርስዎ አዙረው ቁልፉን ይጫናሉ፤ እርስዎም በዚያ ተሳፋሪ ሁሉ በሚያውቀው ድምፅ እንዲህ ሲሉ ይሰሟቸዋል፦ ክቡር ሰብሳቢ፣ ስፖንጁ አይነሳም፤ ካልሰሙኝ እደግመዋለሁ።