እህቴን እንግዳ ያደረግሁበት ሦስት ቀን

ውድ እህቴ ቺዮሚ፣

ደብዳቤ በአየሩ ጠባይ ይጀመራል አይደል? እኔም ወጉን ልጠብቅ ብዬ «ዋናተኞቹ ሄዱ፣ ባሕሩ ጋብ አለ፣ ማታ ማታ መቀዝቀዝ ጀምሯል» እያልኩ አራት ወረቀት ጽፌ አራቱንም ቀደድኩ። ወግ ገደል ይግባ። በድዬሻለሁ። ስድሳ ሰባት ዓመት ስኖር ይቺን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ጠባዬን ታውቂው የለ፣ ይቅርታ ከመጠየቅ ጥርሴን መንቀል የሚቀለኝ ሴት ነኝ።

ያን ሐሙስ በሩ ሲንሸራተት የእራቱን ሾርባ እያማሰልኩ ነበር። ብቅ ስል አንቺ ነሽ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ! ፀጉርሽ ሸብቷል፣ ትከሻሽ ጠቧል፣ በአንድ እጅሽ ቦርሳ፣ በሌላው ጃንጥላ። አባዬ ስምንት ክፍል ሠርቶ «ሆቴል» ብሎ በቀለም የጻፈበትን ሰሌዳ ባየሽ ቁጥር ትስቂ ነበር፤ ያን ቀን ቀና ብለሽም አላየሽው።

«መጣሁ፣ እትዬ» አልሽኝ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እንደምንለው፣ በዚያው ድምፅ።

የቤት ሰው «መጣሁ» ሲል መልሱ «እንኳን ደህና ገባሽ» ነው፤ አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እኔ ግን እጄን በሽርጤ ጠራረግሁ፣ ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፣ አይቼው ለማላውቀው ቱሪስት እንደማደርገው እጅ ነሣሁና፣

«እንኳን ወደ ሆቴላችን በደህና መጡ። ስንት ሌሊት ያርፋሉ?» አልኩሽ።

አረንጓዴውን የእንግዳ ነጠላ ጫማ ከፊትሽ አስቀመጥኩ። አየሽው፣ አየሽኝ፣ «ሦስት» አልሽ፤ ተጫማሽው።

ምክንያቴን ታውቂዋለሽ። እማዬ ስትሞት አልመጣሽም። ባልሽ ኢዋዎ ሆስፒታል ውስጥ ቱቦ ተሰክቶበት ተኝቶ ነበር። ታዲያ ባልሽን በዚያ ሁኔታ ጥለሽ እንድትመጪ ነበር የፈለግሁት? አዎ፣ ነበር። ነውሬን ልንገርሽ፣ ነበር። እማዬን ብቻዬን አጥቤ፣ ብቻዬን አልብሼ፣ ለቀብረኛው ሁሉ ብቻዬን እጅ ስነሣ ውዬ፣ ያን ዕለት ልቤ ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ አለ። «እናቷን ያልቀበረች እህት የለችኝም» እያልኩ ለዓሣ ሻጩም ለፖስተኛውም አወራሁ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የአዲስ ዓመት ካርድ ስንላላክ፣ የታተመው ብቻ፤ በእጅ የተጻፈ አንዲት መስመር የለበትም። ኢዋዎ የሞተ ዓመት «ሐዘን ላይ ስለሆንን ዘንድሮ ካርድ አንልክም» የሚለው ወረቀትሽ ደረሰኝ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ስልክ እንኳ አልደወልኩም፣ ቺዮሚ። ባልሽ ሞቶ እኔ ስልክ አልደወልኩም።

እነዚያን ሦስት ቀናት እንደ ምግብ ዝርዝር በቃሌ ይዣቸዋለሁ። እራትሽን በእንግዶች አዳራሽ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ለብቻሽ አቀረብኩልሽ። ከወጥ ቤት ሆኜ ስሰማ አንዲት የኮቤ ቱሪስት «ከሩቅ ነው የመጡት?» ብላ ጠየቀችሽ። «አዎ፣ ከሩቅ ነው» አልሻት። በልተሽ ስትጨርሺ ሳህኖቹን እማዬ እንዳስተማረችን ትንሹን በትልቁ ውስጥ ደራርበሽ ወደ ወጥ ቤቱ በር ይዘሽ መጣሽ።

«ልጠብልሽ፣ እትዬ? ጉልበትሽን ያምሽ የለ?»

«ይተዉት እባክዎ፤ ይህ የኛ ሥራ ነው።»

መታጠቢያው ሲሞቅ ደግሞ «እኔ መጨረሻ ላይ፣ ካንቺ ጋር እገባለሁ» አልሽ። ልጆች ሳለን እንግዶቹ ሁሉ ታጥበው ሲጨርሱ፣ ለብ ባለው ውሃ ውስጥ ሁለታችን ገብተን፣ ያንዱን እንግዳ አረማመድ የሌላውን ማንኮራፋት እያስመሰልን እስኪያመን ስንስቅ፣ እማዬ በሩን እየደበደበች «እናንተ እንቁራሪቶች፣ ውጡ!» ትለን ነበር። ትዝ ብሎኛል፤ አልክድም። ግን «እንግዳ ቀድሞ ነው የሚታጠበው፤ የቤታችን ደንብ ነው» ብዬ ፎጣ አቀበልኩሽ።

ዐርብ ጠዋት ማዕበሉ ተነሥቶ መርከብ ሁሉ ቀረ። አንቺም ቁርስሽን ሳትነኪ መስኮት መስኮቱን እያየሽ «የጭነት መርከቡ ዛሬ አይመጣም?» አልሽ። ቅዳሜም እንደዚያው፦ የሰው መርከብ ሲጀምር «የጭነቱስ?» አልሽኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ «አሃ፣ ሰልችቷት ነው፤ መሄጃዋን እያሰላች ነው» ብዬ ውስጤ እርር አለ። «አይጨነቁ፣ የሰው መርከብ እሁድ በሰዓቱ ይነሣል፤ ጭነቱ ማክሰኞ ነው» አልኩሽ። ፊትሽ እንዴት እንደ ጠቆረ አይቻለሁ። ያየሁትን ግን እንደ ፈለግሁ ተረጎምኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያደረግሁት ግን ከሁሉ የባሰው ነው። በጨርቅ የጠቀለልሽውን የኢዋዎን የሙታን መታሰቢያ የስም ጣውላ በሁለት እጅሽ ይዘሽ፣ የእማዬና የአባዬ ጣውላ የቆመበት የጸሎት ቁም ሣጥን ካለበት ክፍል ደጃፍ ቆመሽ አገኘሁሽ።

«ለእማዬ የጸሎት ደወሏን ላሰማላት? ኢዋዎንም ይዤዋለሁ።»

«ያ ክፍል የቤተሰብ ነው» አልኩሽ። «እንግዶች አይገቡም።»

ምንጣፉን ነበር የምታዪው። ከዚያ ወገብሽን ሰበር አድርገሽ «ልክ ነዎት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሽ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቺም እትዬ አላልሽኝም። እሁድ ወደቡ ላይ እንግዳ እንደምሸኘው እጅ ነሥቼ ሸኘሁሽ። የቤተሰብ ሰው መርከቡ የደሴቱን ጫፍ ዞሮ እስኪጠፋ እጁን ያውለበልባል፤ እኔ ግን ዓሣ ሻጩ ዓሣ ያደርስልኛል ብዬ ቀድሜ ተመለስኩ። የሚደርስ ዓሣ አልነበረም።

ማክሰኞ ሽማግሌው ሃቺሮ ከወደብ ጋሪውን እየገፋ መጣና ገና ከሩቅ፣

«አንቺ ሚትሱኤ! ቺዮሚ ጠቅልላ ስትገባ አንቺ ዝም? ለጎረቤት እንኳ መደበቅ ምን ይሉታል?» አለኝ።

«ምን ትቀባጥራለህ? ቺዮሚ እሁድ ሄዳለች።»

«እንግዲያ እነዚህ ሰባት ካርቶኖች በእግራቸው መጡ?»

በየካርቶኑ ላይ በራስሽ እጅ፣ ዕቃው የት እንደሚገባ ጽፈሽበታል። «ወጥ ቤት»። «መታጠቢያ»። አራቱ ላይ «የኋላ ክፍል» ይላል፤ እኔና አንቺ ያደግንበት ክፍል። ሰባተኛው በማዕበሉ ርሶ ጎኑ ተቀዶ ነበር፤ ከውስጡ አራት አዳዲስ ሽርጦች ወጡ። ሁለቱ በአንቺ ልክ፣ ሁለቱ ሰፋፊ፣ ለእኔ። እኔ መወፈሬን ማን እንደ ነገረሽ አላውቅም። ሃቺሮ አንዱን አንሥቶ ወደ ወገቤ አስጠጋና «ልክሽ ነው» አለ፤ ቀጥሎም ፊቴን አይቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጋሪውን ይዞ ሄደ።

ኦሳካ፣ ቤትሽ ደወልኩ፤ በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። «የደወሉለት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም» አለችኝ ያቺ የስልኩ ሴትዮ። ቤትሽን አስረክበሽ ነበር የመጣሽው። በአፍሽ መለመን ከብዶሽ፣ ዕቃሽ ደርሶ እንዲናገርልሽ ነበር ሦስት ቀን ባሕር ባሕሩን ስታዪ የከረምሽው። ወይኔ ሚትሱኤ! አንቺስ ብትሆኚ ቺዮሚ፣ ምነው ያን ጊዜ ሾርባውን ራሴ ላይ ደፍተሽ «ይብቃሽ፣ አንቺ ክፉ አሮጊት!» ብትዪኝ? ለካ በኩራት የምንተናነስ አይደለንም። ያንቺ ግን ማንንም አልጎዳም፤ ካንቺ በቀር።

ከዐሥር ቀን በኋላ ፖስትካርድሽ ደረሰኝ። «በቆይታዬ ስላደረጉልኝ መልካም መስተንግዶ ከልብ አመሰግናለሁ። ዓሣው በጣም ጣፋጭ ነበር። በስሜ ዕቃ ደርሶ ከሆነ፣ ስለማስቸግርዎት ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከታች ባለው አድራሻ እንዲልኩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።» ብትሰድቢኝ ይሻል ነበር። አድራሻውን ሳነብ ደግሞ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ተራራ ላይ ያለ የፍል ውሃ ሆቴል፣ የሠራተኞች መኖሪያ፣ ክፍል ዐሥራ ሁለት። እኔ የሆቴል ልጅ ነኝ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። በስድሳ አራት ዓመትሽ፣ መኝታና ምግብ ስላለው ብለሽ፣ ለሰከረ የቢሮ ሰው ሁሉ ተንበርክከሽ ትሪ ታቀርቢያለሽ። እኔ እዚህ ስምንት ክፍል ለብቻዬ እየጠረግሁ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ «ረዳት ጠፋ» እያልኩ ለድፍን ደሴቱ አማርራለሁ። እህቴ በሬ ድረስ መጥታ ሳህን ልጠብ ብላ ለምናኝ!

የኋላውን ክፍል የሞሉትን የቢራ ሣጥኖች ትናንት አውጥቼ ምንጣፉን አስቀይሬአለሁ። የእማዬን ቁም ሣጥንም ከፍቼ የእሷንና የአባዬን ጣውላዎች ጠጋ ጠጋ አደረግኋቸው፤ ለኢዋዎ የሚበቃ ቦታ ተገኝቷል። የሌላ ቤት ሰው ስም እዚህ ምን ይሠራል የሚል ዘመድ ካለ፣ ይበል። ይህን የምነግርሽ እንድትታዘዢኝ አይደለም። አልመጣም ብትዪ እውነትሽን ነው፤ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አልመጣም ነበር።

ዕቃሽን የመያዝ መብት ስለሌለኝ ዛሬ ጠዋት ከሃቺሮ ጋር ሆነን ስድስቱን ካርቶን በጭነት መርከቡ አሳፍረናል። ሰባተኛውን አልላክሁም። አልልክምም። ከሽርጦቹ አንዱን ለብሼ ነው ይህን የምጽፍልሽ፤ ሽሮ መልክ ያለውን፣ ሰፊውን። የሰው ዕቃ መያዝ ሌብነት ነው፣ አውቃለሁ። ስለዚህ ደውዪና ሌባ በዪኝ። ወይም መጥተሽ ካርቶንሽን ከእጄ ንጠቂና ሂጂ። ሰው ፊት፣ እንግዳ ፊት፣ ወደብ ላይ፣ የፈለግሽበት ቦታ ስደቢኝ። ብቻ፣ እባክሽ ቺዮሚ፣ ሁለተኛ እንዳታመሰግኚኝ።

እህትሽ ሚትሱኤ